በርሜል ላይ የማይግለው ሞተር

የጀልባ ሞተር የሚጠግነውን ጎረቤቴን ሰው ሁሉ «ጋሽ ቆይ» ይለዋል። ምንም ቢነግሩት መጀመሪያ «ቆይ» ማለት ልማዱ ነው፤ ሲጠሩትም ቆይ፣ ሲያመሰግኑትም ቆይ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ይህን ስሙን የማያውቀው እሱ ብቻ ነው። እኔ የጀልባ ሸራ ሰፊ ነኝ። የእሱን ጋራዥና የእኔን ክፍል የሚለየው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ስለሆነ፣ ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምለው ስፌቴን ሳላቋርጥ ነው።

እጁ የተባረከ ነው፤ ይህን ጠላቱም አይክደውም። ግን አንድ ጉድ አለው፦ ጀልባ ላይ አይወጣም። ገና ገመዱ ሳይፈታ ሆዱ ይገላበጥበታል። ስለዚህ ሞተር ሲመጣለት ደጃፉ ላይ ባለው በርሜል ጠርዝ ያስረዋል፣ በርሜሉን ውሃ ይሞላል፣ ያስነሳዋል፣ ከዚያ ዱካ ላይ ተቀምጦ ከሞተሩ ጎን የምትወጣውን ቀጭን ውሃ ይመለከታል። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ በፓምፕ ከሥር ይሳብና ጥቂቱ በዚያች ቀዳዳ ይወጣል። እዚህ ዳርቻ ላይ «ሽንቱ» እንለዋለን። «የሚሸና ሞተር ጤነኛ ነው» ይላል ጋሽ ቆይ፤ ስንት ዓመት በዚህ ሕግ ሲሠራ ኖሯል።

ጣጣው የመጣው ሰው ማዶ ከምታሻግረው ጀልባ ጋር ነው። ጀልባዋ የዳርቻው የጀልባ ማኅበር ናት፤ ሾፌሯ ደግሞ የጋሽ ቆይ የእህቱ ባል ነው። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሰላምታ እንኳ የሚሰጠው ቆጥቦ ነው። አንድ ቀን ሞተሩ ተሳፋሪ እንደጫነ ሐይቁ መሃል ላይ ጋለና ቆመ። በሳምንቱ ደገመ። ማኅበሩ ሞተሩን ለጋሽ ቆይ ላከለት፤ እሱም በርሜሉ ላይ አስሮ ግማሽ ቀን አስነሳው። ሞተሩ እንደ ጤነኛ ሕፃን ሸና፤ አልጋለም። ሊቀመንበሩ መጥቶ «እህስ?» ሲለው፣ «ሞተሩ ምንም የለበትም፤ የሾፌሩ እጅ ነው ነዳጅ ላይ የከበደው» አለ።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የጋሽ ቆይ ራስ ከተመለጠ ቆይቷል፤ አፉ ያመለጠው ግን ያን ቀን ነው። ማኅበሩ ሾፌሩን ከሥራ አገደው። ነገሩ እስኪወሰን ሞተሩ ጋራዥ ቀረና ጀልባዋ በተውሶ ሞተር፣ በሌላ ሰው እጅ መሄድ ጀመረች። ሾፌሩ ሆድ ይፍጀው ብሎ ዳርቻው ላይ ጆንያ ተሸካሚ ሆነ። ተሸካሚዎቹም ስም አወጡለት፤ «ሞተር አቃጣዩ» አሉት።

እንዲህ ሦስት ወር ካለፈ በኋላ አንድ ሐሙስ ጠዋት እህትየው መጣች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ ቆርቆሮ ግን ምን ይደብቃል።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ በስብሰባ ጨርሰው ሊያሰናብቱት ነው። ሞተር አቃጠለ ተብሎ ከተባረረ ማንም ጀልባ አይሰጠውም። እባክህ አንዴ እንደገና እየው።»

«ቆይ፣ አይቼዋለሁ እኮ።»

«ያየኸውማ በርሜል ላይ ነው። በርሜሉ ማዶ ያሻግራል?»

እኔ በበኩሌ ሳቄን አፈንኩ። ጋሽ ቆይን ግን ነገሩ ከነከነው መሰለኝ፣ ሞተሩን መፍታት ጀመረ። ውሃው ሲሞቅ የሚከፈተውን ቴርሞስታት ከሚስቱ ድስት ከቶ ቀቀለው፤ በሰዓቱ ተከፈተ። ሚስቱ ድስቷን ፈልጋ መጥታ ያለችውን እዚህ አልጽፈውም። የፓምፑን ጎማ አወጣ፤ ስድስቱም ክንፎች ደህና ናቸው። ውሃ የሚገባበትን ወንፊት አየ፤ ንጹሕ ነው። ገጥሞ በርሜሉ ላይ አስነሳው፤ አሁንም አልጋለም። ቀኑን ሙሉ ውሃ ሲወቅጥ ዋለ።

ዓርብ ጠዋት ደጄ ላይ ቆሞ «ሐይቅ ላይ ልወጣ ነው» አለኝ፤ መርዶ የሚያረዳ ነበር የሚመስለው። ሾፌሩን አስጠራውና ሞተሩን ጀልባዋ ላይ መልሰው ገጠሙት። ጀልባዋ ተሳፋሪ እንደያዘች እንድትከብድ ስምንት ጆንያ አሸዋ ጫኑ፤ አልበቃ ሲል እኔንም ጫኑኝ። የትኛው ጆንያ እንደሚበልጥ ከተሸካሚዎቹ የተሰጠውን አስተያየት ንቄ ትቼዋለሁ።

በዝግታ ስንሄድ ሞተሩ ደህና ነበር። ሾፌሩ ነዳጅ ሲጨምር ግን አሥር ደቂቃ ሳይሞላ የትኩስ ብረት ሽታ መጣ። ሽንቱ እንደሆነ አልተቋረጠም። ሾፌሩ ማንም ሳያዘው ወዲያው ሞተሩን አጠፋ፤ እጁ ከብዶ አላየሁም። ጋሽ ቆይ ሁለተኛውን ትውከት ጨርሶ ክዳኑን ከፈተና በጣቱ ውሃ እየነከረ ሲሊንደሩን በሚከድነው ብረት፣ ቴስታታው ላይ አንጠባጠበ። ከላይ በኩል ጠብታዋ ተንከባልላ ወረደች። ከታች በኩል «ጭስስ» ብላ ተነነች።

«ውሃው እታች አይደርስም» አለ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። እየቀዘፍን ተመለስን።

ከሰዓት በኋላ የታችኛውን የውሃ መተላለፊያ ፈታ። በፒንሳ ጎትቶ ያወጣው ጥፍር የምታህል ጥቁር ጎማ ነበረች፤ የድሮ ፓምፕ ክንፍ። ሞተሩ ቀስ ሲል ትተኛለች፤ ሲፈጥን ውሃው ይገፋትና መተላለፊያውን ትዘጋለች። ሽንቱ የሚወጣው ከእሷ በፊት ስለሆነ ምንም አይጎድልበትም።

የድሮውን ፓምፕ ከሁለት ዓመት በፊት የቀየረው ራሱ ጋሽ ቆይ ነው፤ ጎማዋ እስከ ቅርብ ጊዜ የሆነ ጥግ ተወሽቃ ቆይታለች ማለት ነው። አሮጌ ፓምፕ ሲወጣ ክንፉ ይቆጠራል፤ አንድ ከጎደለ ተፈልጎ ይገኛል። ይህን ለዳርቻው ሰው ሁሉ ያስተማረው እሱ ነው። ያን ቀን ግን ሥራው መሃል ላይ ልጁ ወለደች የሚል ስልክ መጣለት፤ ሳይቆጥር አዲሱን ገጥሞ ሮጠ።

ጎማዋን መዳፉ ላይ አድርጎ ብዙ ተቀመጠ። ሐይቁ ከጋራዡ አሥር እርምጃ ነው። ቢወረውራት ማን ያውቃል ብዬ አሰብኩ፤ ምናልባት ይወረውራት ይሆናል ብዬም አሰብኩ። ያን በማሰቤ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ቅዳሜ ስብሰባው ላይ ተነስቶ ጎማዋን ሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ላይ አኖራት። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ሳልቆጥር ገጠምኩ፤ ሳላይ ፈረድኩ» አለና ተቀመጠ። ሾፌሩን በዚያው ሰዓት ወደ ሥራው መለሱት። ሲወጡ ጋሽ ቆይ ይቅርታ ሊጠይቀው ቀረበ።

«የእኔን ተወው፣ ጋሼ» አለ ሾፌሩ። «ለልጄ ንገራት። ሦስት ወር ሙሉ ትምህርት ቤት የሞተር አቃጣይ ልጅ ሲሏት ከርማለች።»

ከሰዓት ቤታቸው ሄደ። እኔም ተከተልኩ፤ ማን ሊያስቀረኝ። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እናቷ አጠገብ ሆና ጠረጴዛው ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። ጋሽ ቆይ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ስለ ክንፏ፣ ስለ በርሜሉ፣ ስለ ተናገረው ቃል ሁሉንም ነገራት። እርሳሷን አስቀምጣ አዳመጠችው።

«አባዬ እኮ ሲፈጥን ብቻ ነው የሚግለው ይል ነበር» አለችው። «ለምን አልጠየቅከውም?»

ሞተሩን በርሜል ላይ አስሮታል፣ ፈትቶታል፣ ቀቅሎታል። ሰውየውን ግን ሦስት ወር ሙሉ አንዲት ቃል አልጠየቀውም።

«አባዬ ጓዳ ነው ያለው» አለች ልጅቷ፣ እርሳሷን እያነሳች። «አሁን ጠይቀው።»

ተነስቶ ገባ። እኔና እህቱ ቀስ ብለን ወደ ውጭ ወጣን።