እሳት እምቢ ያለው ግሪል

ከቡራዩ የወጣሁ ዕለት ማታ አባባ ኤርፖርት ድረስ አልሸኘኝም። ስቶቭና ካውያ ጠጋኝ ነው፤ «የሰው ስቶቭ ፈትቻለሁ፣ ሳልገጥመው ብሄድ ሰዎቹ በምን ያበስላሉ?» ብሎ ሱቁ ደጃፍ ላይ ሳመኝና ተመልሶ ገባ። ተቀየምኩት። ወንድሜ ለማ ቆይቶ እንደነገረኝ፣ ያን ማታ የተፈታ ስቶቭ አልነበረም። ሲያለቅስ እንዳላየው ነው።

ሜልበርን ስደርስ መጀመሪያ ያስለቀሰኝ ባሕር ዛፍ ነው። የእኛ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ አገሩ እዚህ ኖሯል። ሽታው ያው የቡራዩ ነው፣ ጎረቤት ጋ ለመግባት ግን ቀጠሮ ይያዛል።

የተከራየሁት ቤት ጓሮ የሥጋ መጥበሻ ግሪል አለ። በከሰል የሚሠራ እንዳይመስላችሁ። እንጨት ፈጭተው የዶሮ መኖ አስመስለው በከረጢት ይሸጡታል። ሶኬቱን ስትሰኩት መኖው ራሱ ወደ ማንደጃው ይወርዳል፣ ጣት የምታክል ብረት ትግልና ታቀጣጥለዋለች። ያገሬን ልጆች ለእሁድ ምሳ ጠርቼ ቅዳሜ ብሞክረው፣ ማራገቢያው ይነፋል፣ መኖው ይወርዳል፣ እሳት የለም። አከራዬ ጋ ደወልኩ።

«ግሪሉን ከቤቱ ጋር አከራይቼሻለሁ፤ እሳቱን አላከራየሁሽም» አለኝ።

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። አባባን ለማናገር ሰበብ አገኘሁ። ሰሞኑን በደወልኩ ቁጥር ተኝቷል፣ ጠበል ሄዷል፣ ተፍኪ እህቱ ጋ ነው ይሉኛል። የተበላሸ ዕቃ አለ ከተባለ ግን ስልኩን ከእጃቸው እንደሚቀማ አውቃለሁ። ለማ አነሳ፤ አባባን አቅርብልኝ አልኩት። ደክሞታል፣ እኔ ልጠይቅልሽ አለና ጥቂት ቆይቶ ተመለሰ።

«መጀመሪያ ከሶኬት ንቀይው፤ አመዱን ጥረጊ፤ ሽቦዎቹ እንዳልላሉ እዪ ይልሻል» አለኝ።

ጠረግኩ፣ አየሁ፣ አጠበቅኩ። ምንም የለውም። እንግዲያው የተቃጠለችው ብረቷ ናት፣ በሌላ ትቀየር አለኝ። መቀየር ብሎ ነገር በእኛ ቤት አይታወቅም። አባባ የስቶቭ ሽቦ ሲበጠስ ጫፍና ጫፉን ጠምዝዞ ይቀጥለዋል እንጂ አዲስ ሲገዛ አላየሁም። ስለዚህ እሁድ በጠዋት ብረቷን ነቅዬ፣ ውስጧ ያለውን ሽቦ ልቀጥል ብዬ በመጋዝ እገዘግዛት ጀመር። ነጭ ዱቄት ፈሰሰ፤ የሚቀጠል ነገር አልነበራትም።

በዚህ መሃል በሩ ተንኳኳ። ለምሳ የጠራኋቸው ሰዎች ሁሉም አንድ ላይ ቆመዋል። ለምሳ ተጠርቶ በጠዋት የሚመጣ ሐበሻ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከፊት የሰበታዋ እትዬ አልማዝ ናት፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች።

ገባኝ። መርዶ በእኛ ዘንድ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ብቻውን እንዳይሰማው ዘመድ ተፈልጎ በማለዳ ነው የሚረዳው። ግን ካልነገሩኝ አልሞተም ብዬ ግሪሉ ገና ነው፣ ቁጭ በሉ አልኳቸውና ወደ ጓሮ ተመለስኩ። ተከትለውኝ ወጡ። እትዬ አልማዝ መጋዙን ቀስ ብላ ከእጄ ወሰደች።

«ልጄ፣ አባትሽ ኦቦ ቶሎሳ አርፈዋል» አለችኝ።

ከተቀበረ ሰንብቷል። እንጀራና ወጡን ይዘው ነበር የመጡት፤ ግሪሉን የፈለገው አልነበረም። እኔ አፈር ያላለበስኩት አባቴን እዚያው ጓሮ ውስጥ አለቀስኩት።

ማታ ለማ ጋ ደወልኩ። ልሰድበው ነበር። ትናንት ማን ነበር የመለሰልኝ አልኩት።

«እኔ ነኝ። አጠገቡ ተቀምጬ ስሰማው የኖርኩትን ነው የነገርኩሽ» አለኝ።

ስድቡ ጠፋብኝ። «እስቲ ብረቷ እንዴት እንደምትቀየር ንገረኝ» አልኩት። «ይልሻል እያልክ ንገረኝ።»

«እሺ፣ እቱ» አለኝ። «መጀመሪያ ፊትሽን ታጠቢ ይልሻል።»