ለማሳያ የሠራሁት ኮይን

ቤቴል አንድ ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ታላቅ ወንድሜ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ የፕላስቲክ ዕቃ ይነግዳል፤ ባልዲ፣ ሳፋ፣ ጀሪካን። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገኝም ያስተማረኝም እሱ ነው።

አንድ ቀን ሚስቱ ደውላ ሱቁን ሊሸጥ መሆኑን ነገረችኝ። ቴሌግራም ላይ አንድ ሰው፣ አዲስ ኮይን፣ የኢንተርኔት ገንዘብ፣ ሊወጣ ነው፣ ቀድሞ የገባ ያልፍለታል እያለ በየቀኑ ድምፅ ይልክለት ነበር። አንቺን ይሰማሻል ብላ ለመነችኝ።

እሁድ ከሰዓት ሄድኩ። ብመክረው ብመክረው አልሰማ ሲለኝ፣ አንድ ሳፋ ደፍቼ ተቀመጥኩበትና ላፕቶፔን ከፈትኩ። ዓይኑ እያየ ኮይን ልሠራለት ነው። ከምንም እንደሚሠራ ካየ ይተወዋል ብዬ አሰብኩ።

ኮይን መሥሪያ ድረ ገጹ ላይ ሥራው ቅጽ እንደ መሙላት ነው። ስም ሲጠይቀኝ የሰፈራችንን ስም ጻፍኩ። አጭር ምልክት ሲለኝ ሦስት ፊደል ሰጠሁት። ብዛቱን ሲጠይቀኝ አንድ ብዬ ጀምሬ እስኪሰለቸኝ ዜሮ ደረደርኩበት። ወንድሜ ማን እንደፈቀደልኝ ጠየቀኝ። ማንም አይፈቅድም፣ ማንም አይከለክልም አልኩት። ብሎክቼን የሚሉት በየአገሩ ያሉ ብዙ ኮምፒውተሮች አብረው የሚጠብቁት መዝገብ ነው፤ ትንሽ ክፍያ ከከፈሉት የጻፉትን ይመዘግባል፣ የምር ይሁን የቀልድ አይጠይቅም። ቁልፉን ተጫንኩ። ያመጣልኝ ሻይ ሳይበርድ ኮይኑ ተፈጠረ። ግማሹን ወደ ስልኩ ላክሁለት።

«ይኸው» አልኩት። «ገዢ ካልመጣ ቁጥር ብቻ ነው። ያ ሰውዬም የሚሸጥልህ ይህንኑ ነው።»

ስልኩን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ሱቁን እንደማይሸጥ ቃል ገባልኝ። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ቃሉን ጠብቋል። ግን እኔ ኮይን ከምንም እንደሚሠራ ሳሳየው፣ እሱ ያየው እህቱ ኮይን መሥራት እንደምትችል ነበር።

ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ ታክሲ ተራ ላይ አንድ የማላውቀው ሰውዬ ወረፋውን ለቀቀልኝ። ኮይኗን የሠራችው መምህርት እኔ መሆኔን ጠየቀኝና እጄን ጨብጦ አመሰገነኝ። ከታክሲው ቀርቼ በእግሬ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ወንድሜ የላክሁለትን ኮይን ለጎረቤት፣ ለደንበኛ፣ መስጊድ አብረውት ለሚሰግዱ ሁሉ ሲሸጥ ከርሟል። ሊያታልል አይደለም፤ አምኖበት ነው። የሰዎቹን ገንዘብ እንዲመልስ እያለቀስኩ ለመንኩት።

«አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ ራስሽን ታሳንሻለሽ» አለኝ፤ እንባዬን በጋቢው ጠረገልኝ።

ኮይኑን ላጠፋው ሞከርኩ። እጄ ላይ የቀረውን ግማሽ ማንም ወደማይከፍተው አድራሻ ልኬ አቃጠልኩት። የሰው እጅ የገባውን ግን፣ ፈጣሪው እኔ ብሆንም፣ ከመዝገቡ መፋቅ አልችልም። ይባስ ብሎ ግማሹ መቃጠሉ ሲሰማ ሰፈሩ ደስ አለው። ቁጥሩ ከቀነሰ ሊወደድ ነው ተባለ።

ቤት ለቤት ዞሬ ነገርኳቸው። አንዳንዱ በትህትና አዳመጠኝ፤ አንዳንዱ በርካሽ ልትሰበስበው ነው ብሎ በሩን ዘጋብኝ።

ከገዙት መካከል ለወንድሜ ሱቅ አሮጌ ጀሪካን አጥበው የሚያቀርቡ እናት ነበሩ። ከቆሼ ቆሻሻ መጣያ የሚለቀመውን ተረክበው በአሸዋና በሳሙና ሲፈትጉ የሚውሉ፣ ጣቶቻቸው ከውሃው ብዛት የተሰነጣጠቁ ሴት ናቸው። ከደመወዜ አውጥቼ የከፈሉትን ልመልስላቸው ስል ፈገግ ብለው እጄን መለሱት። እሳቸውም ኮይኑን በርካሽ ልገዛቸው የመጣሁ መስሏቸዋል።

ክረምቱ ሲገባ ኩላሊታቸው ታመመ። አንድ ጠዋት አስጠሩኝ። ከአልጋቸው ጎን ልብስ ስፌት የምትሠራው ልጃቸው ቆማለች። ኮይኑን ወደ እሷ ስልክ እንዳዛውርላቸው ጠየቁኝ።

«እትዬ፣ ይህ ነገር ዋጋ የለውም እኮ» አልኳቸው።

«እሱን ነግረሽኛል፣ ልጄ። አንቺ ብቻ አዛውሪልኝ።»

ልጅቷን አየኋት። አንገቷን ደፋች። ምን ማድረግ እንደምችል አላውቅም ነበር፤ ማዛወሩን ግን አውቃለሁ። ሁለቱን ስልኮች ተቀብዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ኔትወርኩ ደካማ ስለነበር ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። እሳቸው ዓይናቸውን ከእጄ አልነቀሉም።

«ሁሉም ገባ?» አሉኝ።

ሁሉም ገብቷል አልኳቸው። መረቁኝ። ምርቃቱ ረጅም ነበር፤ እኔም እስኪጨርሱ ድረስ «አሚን» እያልኩ ተቀመጥኩ።