ዘጠነኛው አልጋ

ጥሩአየሁ ከከምባታ ጅማ አጠገብ ወዳለችው የቡ የመጣችው ለሁለት ወር ቡና ልትለቅም ብላ ነበር። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት ሆናት። አሥራ ዘጠኙን ያሳለፈችው በማጠቢያ ጣቢያችን፣ የታጠበው ቡና በሚሰጣባቸው የሽቦ አልጋዎች መሀል ነው። አንዲት ፍሬ ነክሳ ደርቋል ካለች ጆንያ ይገባል፤ ይቆይ ካለች ሥራ አስኪያጁም አይነካው። እኔ ሚዛን ላይ ነኝና የእሷን ቃል ሳልሰማ ጆንያ አንስቼ አላውቅም ነበር። ይህን ታውቃለች፤ ትንሽ ያኮራታል። ትንሽ ያልኩት እንዳትቀየመኝ ነው።

አምና ሩፈይዳ መጣች። የየቡ ልጅ ናት፣ ጅማ ኮምፒውተር ተምራ የተመለሰች። ኤክሴል ላይ ማክሮ የሚሉትን ጻፈች። ለየአልጋው የሚበቃው የቀን ብዛት ተሞልቶለት አንድ ቁልፍ ሲጫኑት፣ ዛሬ ጆንያ የሚገቡትን አልጋዎች ዝርዝር ያወጣል። ሥራ አስኪያጁ ሻዩን ይዞ ከልጅቷ ኋላ መቆም አመጣ። ድሮ ሻዩን ይዞ የሚቆመው ጥሩአየሁ ዘንድ ነበር።

ቀናች። ሌላ ስም የለውም። የልጅቷ ጫማ ንጹሕ መሆኑ ሳይቀር ያበሽቃት ነበር።

ሩፈይዳ በየጠዋቱ ወደ አልጋዎቹ ትወርዳለች። በኦሮምኛው አክብሮት አዴ እያለች፣ ይሄኛው ስንት ቀን ይበቃዋል ብላ ትጠይቃታለች። ጥሩአየሁ "ማሽንሽን ጠይቂው" ብላ ፊቷን ታዞራለች። የማውቀውን አንድ በአንድ ወስዳ እዚያ ውስጥ ልትከተው ነው፣ ከዚያ በኋላ እኔን ምን ያደርጉኛል አለችኝ አንድ ቀን። ተሳስተሻል አላልኳትም፤ እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

ዘጠነኛው አልጋ ዋንዛው ጥላ ሥር ነው። ሌላው በአሥራ ሁለት ቀን ሲደርቅ እሱ አሥራ ሰባት ይፈልጋል። ኅዳር ውስጥ፣ ማክሰኞ ቀን፣ ዝርዝሩ ዘጠነኛውንም ጨምሮ ወጣ፤ ከተሰጣ ገና አሥራ ሁለት ቀኑ ነበር። ጥሩአየሁ አንድ ፍሬ ነክሳ ተፋችው። ትናገራለች ብዬ ጠበቅኳት። ምንም አላለች፣ እኔም አልጠየቅኳት። ከሌላው ጋር ጫንነው።

ሐሙስ መኪናው ከጅማ እንደተጫነ ተመለሰ። እዚያ ያለው መጋዘን እርጥብ ጆንያ አግኝቶ ሙሉውን አልቀበልም ብሎ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ሩፈይዳን ቢሮ ጠርቶ ዕቃሽን ሰብስቢ አላት። ጥሩአየሁ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ደስ አላት፤ ራሷ ናት የነገረችኝ።

ሩፈይዳ አልተከራከረችም። ቁልፉን ተጭና ዘጠነኛውን አልጋ አሳየችው። ቁጥር የሚጻፍበት ባዶ ሳጥን ብቅ አለ። ባዶውን ከታለፈ አሥራ ሁለትን ከራሱ ይወስዳል፣ ባዶውን ያለፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ አለች። የጥሩአየሁን ስም አላነሳችም።

ስሙ ግን ስክሪኑ ላይ ነበር። ጥሩአየሁ እስከዚያ ቀን ቀርባ አይታው አታውቅም፤ አሁን በሩ ላይ እንደቆመች አነበበችው። ከሳጥኑ በላይ በአማርኛ ተጽፏል፦ "አዴ ጥሩአየሁ ስንት ቀን አሉ?" ሩፈይዳ ወደ አሥረኛው አልጋ አለፈች፤ ያው ጥያቄ። አሥራ አንደኛውም ያው።

ጥሩአየሁ ገባች። እርጥብ መሆኑን ነክሼ አውቄ ነበር፣ ዝም ያልኩት ቀንቼ ነው አለች፣ ሥራ አስኪያጁን ሳይሆን ልጅቷን እያየች። ከዚያ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

"ወደ ዘጠኝ መልሺው" አለቻት። "አሥራ ሰባት በይ።"