ያልተከፈተው ጃንጥላ

እናቴ ጃንጥላውን ያስጌጠችው አሜሪካ፣ ኮሎምበስ አጠገብ ሬይኖልድስበርግ ባለው ቤታችን፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው። ደማቅ ቀይ፣ ሦስት ሰው በደንብ የሚያስጠልል ትልቅ ጃንጥላ ነበር። ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ ገዝቶላት መጣ። እሷ ደግሞ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ እየሰፋችለት ሰነበተች። ዘርፉን የገዛነው አብረን ነው። የጨርቅ ሱቁ ሠራተኛ «ይሄ እኮ የመጋረጃ ነው» ስትል ተረጎምኩላት፤ እናቴም «እሷ ምን ቸገራት፣ ያብረቀርቅ የለ?» ብላ አስቆረጠች።

«እሷ» የተባለችው ማርያም ናት። ጃንጥላው ስለት ነበር። እናቴ ኦርቶዶክስ ናት፤ ጭንቅ ሲመጣባት ማርያምን ትለምናለች፣ የለመነችው ሲሰምርላት ደግሞ ጃንጥላ ይዛ አዲስ አበባ ወዳለው ደብሯ ትሄዳለች፤ ታቦቱ ሲወጣ ካህናቱ ይዘረጉታል። እኔ ጴንጤ ነኝ። ስለት አልሳልም፤ ሌላው ሲሳልም ደስ አይለኝም፤ ደስ ያላለኝን ነገር ደብቆ የመያዝ ችሎታም አልተሰጠኝም።

የስለቱ ነገር የመጣው ትንሿ ልጄ ስትወለድ ነው። ቀኗ ሳይደርስ ነበር የተወለደችው፣ ኮሎምበስ ሆስፒታል ውስጥ። እሷን ኢንኩቤተር ውስጥ አስገቧት፤ እኔ ደሜ አልቆም ብሎ ሐኪሞቹ ይሯሯጡ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ኮሪደሩ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲጸልዩ፣ እናቴ ብቻዋን መስኮቱ አጠገብ ቆማ የመኪና ማቆሚያውን ታይ ነበር አሉ። ነፍሴ ከተመለሰች በኋላ ባለቤቴ «እናትሽ ለማርያም ተስላለች» አለኝ። ስለ ማን እንደተሳለች አልጠየቅኩም። ኢንኩቤተር ውስጥ የተኛችው ትንሿ ሆና ሳለ ምን ይጠየቃል?

ቤት እንደገባን ግን አላስቻለኝም። «ልጄን ያተረፈልኝ ጌታ ነው፤ እሱ ደግሞ ጃንጥላ አያስፈልገውም» አልኳት።

«እሱ አያስፈልገውም፤ ለእናቱ ነው» አለችና ጡጦውን ልታጥብ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዳዩ ብዙ አላወራንም። ነገር ግን ያልገባ ስለት እናቴን እንቅልፍ ይነሳታል። እኔ ጉንፋን በያዘኝ ቁጥር፣ ወይም ወገቤን ይዤ ከሥራ በገባሁ ቁጥር «ሳላደርስ፣ ሳላደርስ» እያለች ታጉረመርማለች። እዚሁ ከተማ ውስጥም የማርያም ቤተ ክርስቲያን አለ ስላት «የተሳልኩት ለደብሬ ነው» ብላ አፌን አዘጋችኝ። ትንሿ ስድስት ዓመት ሲሞላት እናቴ የአሜሪካ ዜግነት አገኘች፣ ቃለ መሐላውን ማለች፣ ባንዲራዋን እያውለበለበች ፎቶ ተነሳች፤ ፓስፖርቷ በእጇ ሲገባ ደግሞ «እንግዲህ በቃኝ፣ አገሬ ልግባ» አለች። መጀመሪያ ሳቅን። እየተጫወተች እንዳልሆነ ሲገባኝ መኪና ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። እኔና ትንሿ ልናደርሳት ትኬት ቆረጥን፤ ጃንጥላውም በነጠላ ተጠቅልሎ አብሮን ተሳፈረ።

መንገዳችን በቪየና ነበር። ጠዋት ደርሰን የምንነሳው ማታ ስለሆነ ቀኑ የኛ ነው። ቤክስሊ የሚባል ሰፈር ውስጥ ተቀጥሬ የምንከባከባት አሮጊት «ቪየና ካለፍሽ ሥዕሎቹን ሳታዪ እንዳትመለሺ» ብላ አስምላኛለች። ወጣትነቷን ያሳለፈችው አውሮፓ ነው፤ ቡና ሳቀርብላት እንኳ ስለ ሥዕል ነው የምታወራኝ። እኔ ሙዚየም የመሄድ ልምድ የለኝም። ግን ከእናቴ ጋር የቀረኝን ቀን አውሮፕላን ማረፊያ ወንበር ላይ ተጎልቼ አላሳልፈውም አልኩ።

ከባቡሩ ስንወርድ ዝናብ ተቀበለን።

«እማዬ፣ ክፈቺው።»

«አይከፈትም።»

«እየበሰበስሽ እኮ ነው!»

«ውሃ ነው፤ ይደርቃል።»

ድንኳን የሚያክል ጃንጥላ አቅፈን፣ ሦስታችንም እየተንጠባጠብን በሚያምረው ከተማ መሀል ተጓዝን። ጃንጥላቸውን የዘረጉ ሰዎች ዞር እያሉ ያዩናል። ትንሿ «እማማ፣ ዋይ ኖት?» ትላለች፤ እናቴ «የማርያም ነው» ትላለች፤ ትንሿ «ኦኬ» ብላ ኩሬ ውስጥ ትዘላለች። እኔ ደሜ ፈላ። ለስድስት ዓመት ልጅ ያህል እንኳ መታገሥ አቅቶኝ ሙዚየሙ እስክንደርስ ከፊታቸው ቀድሜ ተራመድኩ።

በሩ ላይ ሌላ ጣጣ ጠበቀን። ጃንጥላ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ዕቃ ተቀባዩ ወጣት ወለሉ ላይ የቆመውን፣ የእርጥብ ጃንጥላ ማስቀመጫ አሳየን። እናቴ የኔን ትርጉም እንኳ ሳትጠብቅ ወደ ኋላ ሸሸች። «መሬት አይነካም» አለች። ልጁን በእንግሊዝኛ፣ ጃንጥላው የቤተ ክርስቲያን መሆኑን፣ መሬት ላይ ማስቀመጥ ነውር እንደሆነ አስረዳሁት። ይስቃል ብዬ ነበር። አሰብ አደረገና ከካፖርቶቹ መሀል አንድ ማንጠልጠያ ባዶ አድርጎ በሁለት እጁ ሰቀለው። «ተባረክ፣ እናትህ ትባረክ» አለችው። ቁጥር ያለበት ምልክት ሲሰጣት ተቀብላ የነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ራቁታቸውን በተሳሉ ሰዎች የተሞሉ ነበሩ። እናቴ የትንሿን ዓይን በነጠላዋ ሸፍና፣ የራሷን ገለጥ አድርጋ እያየች አሳለፈቻት። የሚበሉና የሚጠጡ ሰዎች የተሳሉበት ትልቅ ሥዕል ጋ ስንደርስ ቆመች። «ደግ ናቸው፤ ሲበሉ የሚያያቸው ሰው አያሳቅቃቸውም» አለች። እኔም ቁጣዬ ቀስ በቀስ ለቀቀኝ። ደግሞም እኮ እናቴን እንደዚያ፣ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ፣ እንደ ሹም ስትጎበኝ አይቻት አላውቅም ነበር። ኮሎምበስ ውስጥ ያየኋት ወይ ምድጃ ስር ወይ ትንሿን ስታባብል ነው።

ከዚያ አንድ ክፍል ደጃፍ ላይ ስንደርስ ቀጥ አለች።

ማርያም ነበረች። ቀይ ለብሳ፣ ሰማያዊ ካባ ደርባ፣ አረንጓዴ መስክ ላይ ተቀምጣለች፤ ሕፃኑ ጉልበቷ አጠገብ ቆሟል። እናቴ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች። ከባለቤቴ የወሰደችውን ወፍራም ካልሲ ነው ያደረገችው። ጫማውን በሩ ስር ጎን ለጎን አስቀምጣ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ገባች። ትንሿም የራሷን አውልቃ ከአያቷ ጫማ አጠገብ ደረደረችና ተከተለቻት።

እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። ጎብኚዎች ጫማዎቹን እየዘለሉ ይገባሉ። ሸበቶዋ ጥበቃ ከወንበሯ ተነስታ ወደ እኛ መጣች። «እናቴ እየጸለየች ነው» አልኳት። ሴትዮዋ እናቴን አየቻት፣ ሥዕሉን አየችው፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ ሰው እንዳያደናቅፉ ሁለቱን ጥንድ ጫማዎች ወደ ግድግዳው አስጠጋችና ወደ ወንበሯ ተመለሰች።

«ገበዟ ሴት ናት?» አለችኝ እናቴ፣ ዞር ብላ።

«ጥበቃ ናት፣ እማዬ።»

«ያው ነው።»

መጀመሪያ በሥዕሉ ቅር ተሰኝታ ነበር። ማርያምን እንዴት ሜዳ ላይ ያስቀምጧታል? ሕፃኑንስ ራቁቱን ብርድ አይመታውም? እኛ ጋ እኮ ተከናንባ፣ ልጇንም አልብሳ ነው የምትሳለው። ከዚያ ጠጋ ብላ አየችና ፊቷ በራ። «እግሯን አየሽው? እሷም አውልቃለች» አለች። እውነትም ከቀሚሱ ስር ባዶ እግር ብቅ ብሎ ነበር። እኔ ሳላስተውለው ቀርቻለሁ።

ያን ካየች በኋላ ቅሬታዋ ጠፋ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ከጎረቤት ጋር በአጥር ላይ እንደምታወራ ሰው ማውራት ጀመረች። እኔ ከኋላዋ ነኝ፤ እያንዳንዱን ቃል እሰማለሁ።

«እመቤቴ፣ ስለቱን ይዤልሽ እየመጣሁ ነው። ዘገየሁ፤ አገሩ ሩቅ ነው፣ አንቺው ታውቂያለሽ። ያን ቀን ሕፃኗን አልነበረም የለመንኩሽ። ይቅር በይኝ፣ ሕፃኗን ገና አላወቅኋትም ነበር። የኔን ልጅ አትውሰጅብኝ ነው ያልኩሽ። ሌላ ትወልዳለች፣ እኔ ግን ሌላ እሷን ከየት አመጣለሁ አልኩሽ። አንቺ ሁለቱንም ተውሽልኝ። እኔ ያለኝ ግን አንድ ጃንጥላ ብቻ ነው።»

ስድስት ዓመት ሙሉ የትንሿ ስለት ነው ብዬ የተቆጣሁበት ጃንጥላ የኔ ነው። በዚያ ሆስፒታል ሁሉም ሰው ስለ ሕፃኗ ሲጠይቅ፣ እኔም ራሴ ስለ ሕፃኗ ስጠይቅ፣ አንዲት ሴት መስኮት አጠገብ ቆማ የገዛ ልጇን ትለምን ነበር። ያ ሁሉ «ሳላደርስ» የሚል ማጉረምረም የኔ ጉንፋን፣ የኔ ወገብ ነበር። እናት ከሆንኩ ወዲህ ልጅ መሆኔን ረስቼው ኖሯል።

ጫማዬን አወለቅኩ። ለሥዕሉ አልነበረም፣ ጌታዬ ያውቃል። እናቴ ብቻዋን በካልሲ እንዳትቆም ነው። ወለሉ ይቀዘቅዝ ነበር። አጠገቧ ስደርስ እጄን ያዘች፤ ትንሿም በሌላው በኩል ገብታ ሦስታችን ቆምን።

ስንወጣ ዝናቡ ብሶበታል። ትንሿ «አይም ኮልድ» ስትል ጃኬቴን አውልቄ አለበስኳት፤ እኔ በስስ ሹራብ ቀረሁ። እናቴ የነጠላዋን ቋጠሮ ፈታ ጃንጥላዋን ተቀብላ፣ ልጁን ደግማ መርቃ መጣች። ደረጃው ላይ ቆም ብላ አየችኝ። ከዚያ ማሰሪያውን መፍታት ጀመረች።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት ደንግጬ። «ስለት ነው እኮ! አትክፈቺው!»

ያን ቃል ከአፌ ስትሰማ ቀና ብላ ፈገግ አለች።

«የተሳልኩት እንድትኖሪልኝ ነው እንጂ በዝናብ እንድትበሰብሺ ነው?» አለች። «እሷም እናት ናት። ይገባታል።»

ከፈተችው። የሬይኖልድስበርጉ የመጋረጃ ዘርፍ በቪየና ሰማይ ስር ወርዶ ተንዘረፈፈ። ትንሿ «ዋው!» ብላ አጨበጨበች፤ ደረጃው ላይ የነበሩ ሰዎችም ስልካቸውን አወጡ። እኔ ስለምረዝማት እጇን ወደ ላይ ሽቅብ ዘርግታ ነው የያዘችልኝ፤ ክንዷ ሲንቀጠቀጥ አይቼ ልቀበላት ብል «ተይ፣ ስለቱ የኔ ነው» ብላ ከለከለችኝ። ባቡሩ ድረስ እንደዚያው ሄድን። እንዲህ ቀስ ብዬ የተራመድኩበትን ሌላ መንገድ አላስታውስም።

አዲስ አበባ እንደገባን ጃንጥላውን በረንዳ ላይ ዘርግታ አደረቀችው። የደብሯ በዓል ገና ስላልደረሰ ስታስገባው አላየሁም፤ የሥራ ፈቃዴ አለቀና እኔና ትንሿ ወደ ኮሎምበስ ተመለስን። ቤቱ ጸጥ አለብኝ። የምግብ ጠረጴዛው ስር አንድ ወርቃማ ክር አግኝቼ መኪናዬ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ እስካሁን አለ።

በቅርቡ አንድ ጠዋት ቤክስሊ፣ አሮጊቷ ደጅ መኪናዬን አቁሜ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ስጠብቅ ስልኬ ጠራ። እናቴ ናት። ከኋላዋ ከበሮና እልልታ ይሰማል።

«ዛሬ ታቦቱ ሲወጣ ጃንጥላችንን አየሁት!» አለች፣ እየጮኸች።

«ከዚያ ሁሉ ጃንጥላ በምን ለየሽው?»

«በዘርፉ ነዋ። ያ ዝናብ አንድ ጎኑን አጠቁሮታል።» እልልታው መጣና አለፈ። «ልጄ፣ ከሥሩ ያለሽ መስሎኝ ጎንበስ ብዬ አየሁ።»