እህቴን የከለከልኳት ውሃ

ይህን ነገር ከአፌ የሰማ ሰው የለም። ሚስቴ አልሰማችም። የንስሐ አባቴም አልሰሙም። እሳቸው ፊት እየተንበረከክሁ ረቡዕን ገድፌያለሁ፣ ከጎረቤት ተጣልቻለሁ፣ በሐሰት ምያለሁ ስል ኖሬያለሁ። «ሌላስ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም አባ፣ ይፍቱኝ» እላለሁ። ይፈቱኛል። ላላ ያለውን ሲፈቱልኝ ኖሩ እንጂ የጠበቀውስ እንደጠበቀ ነው።

እንግዲህ የምታነበው አንተ ስማኝ። አሳምሬ አልጽፍም። ፊደል የለየሁት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው። እስከዚች ድረስ ለመጻፍ እንኳ ሦስት ጊዜ ተነስቼ ደጅ ወጥቻለሁ። በጎቹን አየሁ፣ አጥሩን ነካካሁ፣ ተመለስኩ። ቁጭ ማለት አልሆነልኝም። ቢሆንም ልበለው፤ እህቴን የገደልኳት እኔ ነኝ። በጩቤ አይደለም፣ በጥይትም አይደለም። በጨው ነው።

ቤታችን ከጉና ግርጌ ነው። ገብስና ድንች እናበቅላለን፣ በግ እናረባለን። እህቴ ጥሩወርቅ ታላቄ ነበረች። እናታችን ስትሞት የወተት ጥርሴን እንኳ አልነቀልኩም፤ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እታለም ነበር የምላት። ባሏ ሲሞትባት እኔ ዘንድ መጥታ ተጠጋች፣ ልጆቼንም እንደኔው አሳደገቻቸው።

ክረምት ነበር። ምንጩ ደፈረሰና በቀበሌያችን ተቅማጥና ትውከት ገባ። እታለምን ጧት ያዛት። ቀትር ሳይሆን ዓይኗ ጎደጎደ፤ የእጇን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው ተኮማትሮ ይቀራል። ያን ጊዜ ስመኝ መጣች። ስመኝ የቀበሌያችን የጤና ሠራተኛ ነበረች፤ ተምራ ተመድባ የመጣች ልጅ። ከቤት ቤት ስትሮጥ ውላ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆናለች። እታለምን አየቻት፣ ቦርሳዋን ከፈተችና አራት ጥቅል ዱቄት አወጣች። ሕይወት አድን የሚሉት፣ ተቅማጥ የያዘው ሰው በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው ነው።

«አያ ደሴ፣ ማንበብ ይችላሉ?» አለችኝ።

ደጁ ላይ ጎረቤት ቆሟል። እኔ ደግሞ በጠጅም በአረቄም ቤት፣ የቄስ ትምህርት ቤት ገብቼ ዳዊት ደግሜያለሁ ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። እውነቱ ግን ሀሁን ሳልጨርስ ዱላ ሸሽቼ የጠፋሁ ነኝ።

«ምን ነካሽ፣ ዳዊት የደገመ ሰው ትጠይቂያለሽ?» አልኳት። ጥቅሉን ተቀብዬ ዓይኔን አንከራተትኩበት። ከንፈሬን ሳይቀር አንቀሳቀስኩ።

«እሰይ፣ እንግዲያ እንደተጻፈው ያርጉላት። አደራ በግምት እንዳይሆን፣ በመለኪያ ነው። ጥቅሉን ባንዴ ይበጥብጡት፣ ቶሎ ቶሎ ያጠጧት። ካልተሻላት በቃሬዛ ጤና ጣቢያ ያውርዷት» አለችና ወደ ሌላው በሽተኛ ቤት ሮጠች።

በመለኪያ። እኛ ቤት መለኪያ ማለት አንድ ነገር ነው። ሚስቴ አረቄ ታወጣ ነበር፤ መለኪያ በሁለት ጣት ተይዛ ባንድ ጉንጭ የምትጨለጥ የአረቄ ብርጭቆ ናት። «በአንድ ሊትር ውሃ» የሚለው ጥቅሉ ላይ ተጽፏል። ለሚያነብ ተጽፏል። እኔ ግን ከመደርደሪያው የአረቄዋን መለኪያ አወረድኩ፣ ውሃ ሞላሁባት፣ አንዱን ጥቅል ዘረገፍኩባት።

ቃሉን ላሳብብ? ቃሉ ሁለት ፍቺ ነበረው ልበል? አልልም። መጠየቅ እችል ነበር። «የትኛው መለኪያ?» ማለት ስንት ትንፋሽ ይፈጃል? ግን ዳዊት የደገመ ሰው አይጠይቅማ!

ዱቄቱ አልሟሟ አለ። እንደ አሸዋ ከሥር ተኛ። በጣቴ አማሰልኩት።

«ይኼ እንዴት ያለ ልጥልጥ ነው?» አለች ሚስቴ።

«መድኃኒት ነው። አረቄሽን ጠብቂ አንቺ።»

እታለም ቀምሳ ፊቷን አጨማደደች። «ደሴዬ፣ ጨው ነው እኮ ያጠጣኸኝ።»

«የሚያሽር መድኃኒት መቼ ይጥማል?» አልኳት። አንዱን አጠጣኋት። ግማሹን አስመለሳት። ሁለተኛውን በጠበጥኩ። ሦስተኛውን። አራተኛውን። አራቱንም በገዛ እጄ፣ አገጯን ይዤ አጠጣኋት።

ከዚያ ውሃ ጠየቀችኝ።

በኛ አገር ተቅማጥ የያዘው ሰው ውሃ አይሰጠውም፤ ይጨምርበታል ይባላል። አባቶቻችን ብለውታል፣ እኔም ይዤዋለሁ። እንስራው ከመደቧ ፊት ለፊት ተቀምጧል፣ ዓይኗን ከሱ አልነቀለችም።

«ውሃ፣ ደሴዬ።»

«ይጨምርብሻል እታለም።»

«ይጨምርብኝ። ጉሮሮዬን ላርጥበው ብቻ።»

«አይሆንም አልኩ።»

«አንተን አዝዬ ምንጭ ስወርድ ስወጣ የኖርኩት ለዚህ ኖሯል?» አለችኝ። ልትስቅም የፈለገች መሰለኝ። ምላሷ ከላንቃዋ እየተጣበቀ ቃሉ ተቆራርጦ ነበር የሚወጣው።

ምን አደረግኩ መሰለህ? እንስራውን አንስቼ ጓዳ ከተትኩት። እንዳታየው። ለሷ ማዘኔ ነበር፤ እያየችው ከምትቃጠል ብዬ ነው። እንስራውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አላነሳውም። ሕመሟ ሲደመር ሁለት ቀን ያልሞላ ጊዜ ነው፣ እኔ ግን ከዚያች ጓዳ እስከ ዛሬ አልወጣሁም።

ጎረቤቶቼ ቃሬዛ አዘጋጅተው መጡ። «ደሴ፣ ሴትዮዋ እየደከመች ነው፣ ጤና ጣቢያ እናውርዳት» አሉኝ። «መድኃኒቱ ሥራውን ይሥራ እንጂ፣ ምን ያጣድፋችኋል?» ብዬ መለስኳቸው። በማግስቱ ረፋድ ላይ በእናታችን ስም ትጠራኝ ጀመር። ቀጥላ ተንቀጠቀጠች፣ ጥርሷ ገጠመ። ቀትር ሳይሆን አለፈች።

እስከዚህ ድረስ ድንቁርና ነው ልትለኝ ትችላለህ። በል። ለዚያ የሚያለቅስልኝም አይጠፋ ይሆናል። የሚቀጥለውን ግን ምን ትለዋለህ?

በቀብሩ ማግስት ስመኝ ልቅሶ ልትደርስ መጣች። እሷም አልቅሳለች። ለቀስተኛው እንደተቀመጠ አጠገቤ ቁጢጥ ብላ፣ ቀስ ብላ «አያ ደሴ፣ በስንት ውሃ ነው የበጠበጡት?» አለችኝ።

ሊትር ምን እንደሆነ ያን ጊዜም በቅጡ አላወቅሁም፤ ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ ግን አወቅሁ። አወቅሁ! አላወቅሁም ካልኩ ይህን የምጽፍበት እጄ ይሰበር።

«እንዳልሽኝ ነው» አልኩ።

«በሊትር?»

«እንዳልሽኝ አልኩሽ እኮ!»

«ጥቅሉ ላይ የተጻፈው…»

«አንቺ በሰጠሽኝ ነው የሞተችው!» ብዬ ጮህኩ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ዞረ። «ገዳይ! እህቴን ገድለሽ ሰው መስለሽ ልቅሶ ትመጫለሽ?»

ልጅቱ ደንግጣ ስትነሳ ነጠላዋ ወደቀ። አንዲት ሴት ነጠላዋን ከመሬት አንስታ ሰጠቻትና «ሂጂ፣ ሂጂ» ብላ ገፋ አደረገቻት። ዳዊት የደገመው ደሴ በውሸት ይከሳል ያለ ማን አለ? ከሁሉ በፊት የተማርኩ መባሌ መሰከረልኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ስንኝ ወጣላት፦ «የስመኝን ጥቅል የቀመሰ፣ ሳይመሽ ሳይነጋ አፈር ለበሰ።» ባለፈች ባገደመች ቁጥር ይሏታል። ማን እንደገጠመው አላውቅም፣ ለስንኙ ነገሩን የሰጠሁ ግን እኔ ነኝ። አንድ ቀን ወፍጮ ቤት ስትባል ሰምቼ ስቄያለሁ። ሰው ጥቅሉን ፊቷ ላይ ይወረውርባት ጀመር፣ በር ይዘጋባት ጀመር። ያን ክረምት ስንት ቤት ጥቅል መለሰ? ከመለሱት ውስጥ ስንቱ ቀበረ? አልጠየቅኩም። ፈርቼ ነው ያልጠየቅኩት። ስመኝ ክረምቱ ሳይወጣ ሥራውን ትታ ሄደች። ዓረብ አገር ገባች ሲሉ ሰማሁ።

ዓመታት አለፉ። በቀበሌያችን የጎልማሶች ትምህርት ሲከፈት ተመዘገብኩ። ለሰው «ፊደሉ ጠፍቶብኛል» ብዬ ነው፤ ውሸቴ ሰልችቶኝ እንጂ እውቀት ርቦኝ አይደለም። አስተማሪያችን ጎረምሳ ነው፤ በመጽሐፍ ብቻ አያስተምርም፣ ጽሑፍ ያለበትን ሁሉ ያመጣል፦ የሳሙና ልባስ፣ የማዳበሪያ ጆንያ። አንድ ቀን ያን ጥቅል አመጣና ተራው የኔ ሆነ።

«በ… አንድ… ሊ… ሊትር… ንጹህ…» አልኩና ቆምኩ።

«ይቀጥሉ እንጂ አያ ደሴ፣ ጥሩ ይዘዋል» አለኝ።

«ምነው፣ ፊደሉ ነከሰህ?» አለኝ ከኋላዬ የተቀመጠው ሽማግሌ። ክፍሉ ሳቀ። አስተማሪው ለማሳየት የሊትር ጣሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ጣሳውን አየሁት። ስንት የአረቄ መለኪያ ይውጣል? ሃያ? እኔ ሃያውን አንድ አድርጌ ነው ያጠጣኋት።

ከዚያ ወዲህ ዕረፍት የለኝም። ከአስተማሪው የሳይንስ መጽሐፍ ተውሼ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ሰውነት ውሃ ብቻ አይደለም፣ ጨው ብቻም አይደለም፤ ሁለቱ ተመዛዝነው ሲቆሙ ነው ሰው የሚቆመው። ሶዲየም፣ ፖታሲየም ይሏቸዋል፤ ልብ የምትመታው፣ ጡንቻ የሚታዘዘው በነሱ ነው። ተቅማጥ ውሃውንም ጨዉንም ይዞ ይወጣል። ዱቄቱ በልኩ ከተበጠበጠ ስኳሩ ጨዉን እየመራ በአንጀት ያስገባዋል፣ ውሃውም ተከትሎ ይገባል። ጨዉ ከልክ ካለፈ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ከሥጋው፣ ከደሙ፣ ከአንጎሉ ሳይቀር ውሃውን ይስበዋል። የተንቀጠቀጠችው ለዚያ ነው። በእናታችን ስም የጠራችኝ ለዚያ ነው። ያን ሁሉ ውሃ የለመነችኝ ለዚያ ነው፤ የተጠማችው እታለም ብቻ አልነበረችም፣ እያንዳንዱ ሥጋዋ ነበር።

ደግሞስ ይህን ለማወቅ መጽሐፍ ያስፈልገኝ ነበር? ቋንጣ ዘልዝዬ ጨው ስነሰንስበት ውሃውን ሲተፋ አላየሁም? በጎቼ ጨው ከላሱ በኋላ ወንዝ ሳላወርዳቸው የቀረሁበት ቀን አለ? የለም! ጨው የላሰ በግ ውሃ ካላገኘ እንደሚወድቅ ከአባቴ ተምሬያለሁ። ለበጌ ያወቅሁትን ለእህቴ አላወቅሁም። በጎቼን እነዳ የነበርኩ ሰው እንስራ አንስቼ ደበቅሁ።

ባለፈው የገና ሰሞን ስመኝ ከዓረብ አገር ተመልሳ ደብረ ታቦር ገበያው አጠገብ የሕፃናት ልብስ ሱቅ ከፍታለች ሲሉኝ ተነስቼ ሄድኩ። ልናገር ነው የሄድኩት። መንገዱን ሙሉ ቃሉን ሳዘጋጅ ነበር። ሱቋ በር ላይ ስደርስ ገና ሳልናገር አወቀችኝ። ከመቀመጫዋ ተነሳች፣ በርጩማ አቀረበችልኝ። አሮጊት አልሆነችም፣ ግን ሽበት አላት።

«አያ ደሴ፣ እኔ ነበርኩ መምጣት የነበረብኝ» አለችኝ። «ፈርቼ ነው የቀረሁት። እዚያ የሰው ዕቃ ሳጥብ እሱኑ ሳስብ ነው የኖርኩት። ሊትር ብያቸዋለሁ እላለሁ፣ መልሼ ደግሞ አላልኩ ይሆን እላለሁ። ጥቅሉ ጊዜው አልፎበት ይሆን? ቀኑን ሳላይ ሰጥቼ ይሆን? ቆሜ ራሴ መበጥበጥ ነበረብኝ። ይቅር ይበሉኝ።» ይህን ብላ ጉልበቴ ላይ ወደቀች።

አሁን ነበር ጊዜው። አፌ ተከፍቷል። ገበያተኛ ያልፋል፣ አንዲት እናት ልብስ ታማርጣለች። ምን አልኳት?

«እግዜር ይቅር ይበልሽ። እኔስ ይቅር ብያለሁ» አልኳት።

አለቀሰች። እጄን ሳመች። ለሚስቴ ብላ ሻሽ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ተቀበልኩ። ተቀብዬ መርቄያት ወጣሁ።

እታለምን የገደልኩት ሳላውቅ ነው። ስመኝን ያዋረድኩት ፈርቼ ነው። ይህንንስ ምን ብዬ? አውቄ፣ ማንበብ ችዬ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ የበደልኳትን ሴት ይቅር አልኩ። ለዚህ ስም ፈልጌ በመጽሐፍም አላገኘሁም።

ስመኝ፣ ቅዳሜ ይህን ደብተርና ሻሹን ይዤ እመጣለሁ። ቆሜ አነብልሻለሁ፤ እየተንተባተብኩም ቢሆን እስከ መጨረሻው አነባለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ የቀበሌያችን ሰው በተሰበሰበበት አነበዋለሁ፤ ስንኙን ያወጡልሽም የሳቁብሽም ይስሙት። አንቺ የሰጠሽው ልክ ነበር። የበጠበጠው እጅ የኔ ነው፣ የዋሸው አፍ የኔ ነው።

የምመጣው ይቅርታ ልለምንሽ አይደለም። ያን ቀን ይቅር ያልኩሽን ቃል ልመልስ ነው። ልሰጠው የኔ አልነበረም።