ፀሐይ ሳትጠልቅ የመሸባቸው እንግዶች

አበቡ ስትናደድ ድምጿ አይጮኽም፤ የሚጮኸው ሥራዋ ነው። እንጨት ስትፈልጥ ፍልጡ ከግቢ ውጭ ይወድቃል፤ በር ስትዘጋ የጣራው ሣር ይረግፋል። ያን የጥር ወር የጅባራ ሜዳ ሰው ሁሉ ንዴቷን በጆሮው ሲሰማ ሰነበተ። የቄስ አስፋው ሚስት በከንቱ እንደማትናደድ ስለሚያውቅ ግን ማንም ደፍሮ አልጠየቃትም።

ቄስ አስፋው ካረፉ ስድስት ዓመታቸው ነው። ቤታቸው ከመካነ ሰላም ወደ ደንቆሮ ጫካ አናት በሚወጣው መንገድ ላይ የመጨረሻው ቤት ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው የጅባራ ተክል፣ ጭላዳ ዝንጀሮና ውርጭ ብቻ ነው። የመጨረሻ ቤት መሆን ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። መንገደኛ ሲመሽበት የሚቆመው እሷ በር ላይ ነው። «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ካለ በቃ፣ ስሙ አይጠየቅም፣ አገሩ አይጠየቅም። እግሩ ይታጠባል፣ ቤት ያፈራው ይቀርብለታል፣ መደቡ ይለቀቅለታል። ከየት መጣህ የሚባለው በልቶ ከጠገበ በኋላ ነው። ሲሄድ ብር ላውጣ ካለ ደግሞ ሰደባት ማለት ነው። አበቡ በዚያ ቤት ሀያ ሁለት ዓመት ስትኖር «የለም» የሚል ቃል ለእንግዳ ተናግራ አታውቅም። በዚህ ትኮራ ነበር። ጉድ ያደረጋትም ይኸው ኩራቷ ነው።

ከጓዳዋ ጥግ ሁለት ጎታ አለ። አንዱ የሚበላ እህል ነው። ሁለተኛው፣ በጭቃ የተለሰነው፣ ዘር ነው። እናቷ ከአቀስታ ወገን ስትድራት በስልቻ ቋጥራ የሰጠቻት ጥቁር ገብስ ነው። ያ ገብስ ጥር መጨረሻ ላይ ተዘርቶ፣ የክረምቱ በረዶ ሳይመጣ ሰኔ መግቢያ ላይ ይታጨዳል። እንደሱ ቶሎ የሚደርስ ገብስ በዚያ ብርድ አገር የለም። ጎረቤቱ ሁሉ የበልግ ዝናብ አይታመንም ብሎ መዝራቱን ከተወው ቆይቷል፤ ዘሩም በየቤቱ ተበልቶ አልቋል። የቀረው በአበቡ ጎታ ብቻ ነው። ክረምቱን የምታልፈው፣ መካነ ሰላም ቤት ተከራይታ የምትማረውን ልጇን መቅደላዊትን የምትሰንቀው በሱ ነው። በዚያ ላይ ዘንድሮ የኅዳሩ ውርጭ የመኸሩን ገብስ አንጨርጭሮት ነበር።

እንግዲህ እነ ኢዛና የመጡት ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ነው። አራት ጓደኛሞች፣ ከአዲስ አበባ፣ ተራራ ሊወጡ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ፀሐይዋ ሰው ታቃጥላለች። መሪያቸው ኢዛና የሚባለው፣ ጢሙን ያጎፈረ ረጅም ልጅ፣ ድንኳኑን በጀርባው እንዳዘለ በሩ ላይ ቆመና፣

«የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን» አለ።

አበቡ ቀና ብላ ፀሐይዋን አየች። አገሩን አያውቁ ይሆናል፣ ፈርተው ይሆናል አለች በልቧ። «ቤቱ የእግዜር ነው፤ ግቡ ልጆቼ» አለቻቸው። ውሃ አሙቃ ተንበርክካ የስምንት እግር አቧራ አጠበች። ጾም ነበርና የገብስ ቂጣዋን በተልባ አቀረበች። በሉ፣ አመሰገኑ፣ ሲነጋ ፎቶ ተነሥተው ሄዱ። እድላዊት የምትባለው ቀጭን ልጅ ስትሰናበት አቅፋ ሳመቻት። አበቡ እንዲያውም መረቀቻቸው።

ሳምንት ሳይሞላ ሌሎች ሦስት መጡ። ጫማቸው ያው ወፍራም ጫማ፣ ድንኳናቸው ጀርባቸው ላይ፣ ቃላቸውም ያው ቃል። ከዚያ አምስት። ከዚያ ሁለት። አንዱ ቡድንማ ስምንት ሰዓት ላይ መሸብን ብሎ ገባ! አበቡ እየገረማት አጠበች፣ ጋገረች፣ ቆላች። የሚበላው ጎታ የገና በዓል ሳይደርስ ተራቆተ። የገና ዕለት ስድስት ሰዎች በሩ ላይ ሲቆሙ የዘሩን ጎታ ጭቃ በቢላዋ ፈንቅላ ከፈተችው። ትንሽ ብነካለት ምን ይሆናል፣ የመዝሪያው ይተርፈኛል አለች። እንደሷ ያለ ሰው ለእንግዳ የለም ከማለት ዘሩን መቁላት ይቀለዋል። ሞኝነት ነው? ሞኝነት ነው። ግን የሞኝነቱን ልክ አስልቶ የመጣ ሰው ነበረ።

ይህን የነገረቻት መቅደላዊት ነች። በጥምቀት ማግስት ከከተማ መጥታ እናቷን አጠገቧ አስቀመጠችና ስልኳን ከፈተች። «እማዬ፣ አንቺ እኮ ነሽ» አለቻት።

ቪዲዮው ላይ ኢዛና ነው፣ እየሳቀ ያወራል። በትንሽ ብር ተራራ እንዴት እንደሚወጣ ያስተምራል። «ለማደሪያ ዜሮ ብር፣ ለምግብ ዜሮ ብር» ይላል። «አንድ ቃል ብቻ ያዙ፤ የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን በሉ። እምቢ ማለት አይችሉም፤ ነውር ነው። ገንዘብ እንዳታሳዩ፣ ይቆጣሉ!» ከዚያ አበቡ መጣች። ተንበርክካለች፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል፣ እግር ታጥባለች። ከላይ የጓደኛሞቹ ሳቅ ይሰማል። ከታች ቤቷ የሚገኝበት ተጽፏል፣ ከትልቁ ኮሶ ዛፍ ወደ ግራ ተብሎ።

አበቡ ሁለት ጊዜ አየችው። «ድገሚልኝ» ብላ ሦስተኛ አየችው። ከዚያ ተነሥታ ወጣችና መጥረቢያዋን አነሣች። ፍልጡ ከግቢ ውጭ መውደቅ የጀመረው የዚያን ዕለት ነው። መብላታቸው አይደለም ያንገበገባት፤ ብሉ ብላ ነው ያቀረበችው። የእግዜርን ስም እንደ ቁልፍ ይዘው ቤቷን መክፈታቸው፣ ያንኑ ቁልፍ ለአገሩ ሁሉ ማደላቸው ነው። ደሟ ፈላ። ያን ማታ ጎታውን ከፍታ የቀረውን ገብስ አየች።

ኢዛና ተመልሶ መጣ። ጥር ሀያ አንድን አክብራ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ዘጠኝ ሆነው በሯ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። እድላዊትም አለች፤ ሌሎቹ አዲስ ናቸው።

«እማማ አበቡ! ናፍቀውናል!» አለ ኢዛና ብድግ ብሎ። «የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን!» አዲሶቹ ሳቁ።

«ቤቱ የእግዜር ነው፤ ግቡ» አለች።

የዘጠኙንም እግር አጠበች። እድላዊት «ኧረ ቀስ፣ እማማ» እስክትል ድረስ ነው ያጠበችው። ከዚያ የቆሎ መቁያዋን እሳት ላይ ጣደችና ኢዛናን ጠራችው።

«ና እስቲ አንተ ልጅ፤ እኔን ወገቤን ያመኛል። እጅህን ከዚህ ጎታ አግባና የቀረውን አውጣልኝ።»

ኢዛና ጎንበስ አለ። እጁ እስከ ትከሻው ገባ፤ ጥፍሩ የጎታውን ቂጥ ሲፍቅ ተሰማ። ሁለት እፍኝ ጥቁር ገብስ ሰፌዱ ላይ አፈሰሰ።

«ሌላ የለም» አለ።

«የለም። በል ስልክህን አውጣና ቅረጸኝ። ይህ እናቴ የሰጠችኝ ዘር ነው። በዚህ ሳምንት መሬት ሊገባ ነበር። እናንተና በአንተ ቃል የመጡት በላችሁት። የቀረው ይህ ነው። እንግዳ ናችሁ፣ እኔም የለም አልልም። ልቁላላችሁ?»

መቁያው ግሎ ይጨሳል። እድላዊት «አይሆንም፣ በእመቤቴ!» ብላ ሰፌዱን ወደ ራሷ ሳበችው።

ኢዛና ፊቱ ቀላ። «ለምን አልነገሩንም ታዲያ? ቢነግሩን እኮ እንከፍል ነበር» አለ።

ያኔ የአበቡ ድምፅ፣ በሀያ ሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጎረቤት ድረስ ተሰማ። «እንግዳ ይህ ዘሬ ነው፣ ተወው ይባላል? ከወዴት አገር ነው የወጣኸው? ድንኳን አዝለህ፣ ስንቅ ቋጥረህ፣ ፀሐይ ቆማ መሸብኝ ያልከኝ አንተ ነህ! እኔ ቃልህን አመንኩ። አንተ ማመኔን ሸጥከው!»

ጫማቸውን እንኳ በደንብ ሳያስሩ ወጡና ከቤቷ በታች ካለው ወንዝ ዳር ድንኳን ተከሉ። ለካ ድንኳኑ ይተከል ኖሯል።

በሦስተኛው ቀን ኢዛናና እድላዊት ተመለሱ። በተራራ መውጫ ሻንጣቸው ድንኳን ሳይሆን ገብስ ሞልተው፣ ላባቸው እየተንጠባጠበ፣ ከመካነ ሰላም ገበያ አቀበቱን ተሸክመው ወጥተዋል። ለጉዞ ያዋጡት ሁሉ ለዚህ ሄዷል። አበቡ እፍኝ ዘግና አየችው። ነጭ፣ ወፍራም፣ ዝቅ ካለው ከደጎሎ ሜዳ የመጣ ገብስ ነው።

«ይህ እዚህ ቶሎ አይደርስም» አለች። «በረዶ ይቀድመዋል።»

«ገብስ ገብስ ነው፣ እማማ» አለ ኢዛና። ደክሞት ነበር፤ ክፋት አልነበረበትም። ይሄ ነው ይበልጥ ያቃጠላት። ከረጢቱን ሲያስረክባት እድላዊት ስልኩን ይዛ ቀረጸችው፤ እሱው ነው ቅረጪኝ ያላት። በኋላ መቅደላዊት እንዳየችው ርእሱ «ካሳችንን ከፈልን» የሚል ነበር። ብዙ ሰው ወዶለታል።

ሌላ ምን ታድርግ? መሬት ጦም አያድርም። የሚያርስላት ጎረቤቷ ብዙነህ ነጩን በሰፊው ማሳ ዘራው። ሁለቱን እፍኝ ጥቁር እሷ ራሷ ከቤቱ ጀርባ፣ አጥሩ ሥር፣ በጣቷ ቀበረችው። ሰኔ መግቢያ ላይ የአጥሩ ሥር ገብስ ደርሶ አጎነበሰ። ነጩ ወገብ ድረስ ቆሞ፣ ለምለም፣ ገና ፍሬ አልቋጠረም። ብዙነህ ማሳው ዳር ቆሞ «ሁለት ሳምንት ቢያገኝ» አለ። ሁለት ሳምንት አላገኘም። በረዶው አንድ ከሰዓት ብቻ ወርዶ ማሳውን እንደ ተረገጠ ሣር አስተኛው። አበቡ ከአጥሩ ሥር ያጨደችው አንድ ቁና አልሞላም። ወቅታ ጎታው ውስጥ አስገብታ አፉን በጭቃ ለሰነችው። ለሙሉ ማሳ እስኪበቃ ስንት በልግ መጠበቅ እንዳለባት ታውቃለች። በዚያ ክረምት መቅደላዊት ትምህርቷን አቋርጣ ከተማ ሰው ቤት ተቀጠረች።

ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ለዓይን ያዝ ማድረግ ሲጀምር፣ በሩ ላይ የሰው ድምፅ መጣ።

«የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ።»

አበቡ በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች። ፊቱን አላየችም። ሰማዩንም አላየችም። ወደ ታች ጎንበስ ብላ ጫማውን አየች። ጭቃ የጠጣ፣ ተረከዙ የተበላ የላስቲክ ጫማ ነው፤ ያ ወፍራም ጫማ አይደለም።

«ከወዴት ነዎት?» አለች።

አባ በላይ ነበሩ፤ በየዓመቱ ከማሻ ወገን እየመጡ፣ በዚያው ቤት እያደሩ የሚያልፉ ሽማግሌ። ቄስ አስፋው በሕይወት ሳሉ ወዳጃቸው ነበሩ። ዝናቡ ከጋቢያቸው ይንጠፈጠፋል። ቅር ብሏቸው ሳይሆን ተገርመው፣

«አበቡ፣ ይህ ቤት ድሮ በር ላይ አይጠይቅም ነበር እኮ» አሏት።

አበቡ ቶሎ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች። «ይግቡ አባ፣ ይግቡ በሞቴ፣ ብርዱ» አለች። ውሃ አሞቀች፣ ተንበርክካ እግራቸውን አጠበች። እሳቸው ስለ መንገዱ ያወራሉ፤ እሷ ግን አልሰማቻቸውም። ዘሩስ ከእግዜር ጋር በአምስት በስድስት በልግ ይሞላል፤ ያን ጫማ ግን እያየች ነበር፣ ወደፊትም በሯ ላይ የቆመውን ሁሉ ጫማውን ሳታይ አታስገባም።