ሳቢሳ ነው ያልኋቸው ወፍ

ይህን ለባሌ አልነገርሁም። ለንስሐ አባቴም አልነገርሁም፤ ፊታቸው ቀርቤ ሌላ ሌላውን ስዘረዝር ይህን ዘልየዋለሁ። ለእናንተ የምናገረው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ዋሽቻለሁ፤ አውቄ ነው የዋሸሁት።

የዋሸሁት ጋሼ መኮንንን ነው። ወረታ ያስተማሩኝ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ኅዳር ሲገባ ቁሐር ሚካኤል ድረስ በባጃጅ እየመጡ ከሩዝ ማሳችን ዳር ይቆሙ የነበሩ ሰው ናቸው። ከሰሜን የሚመጡትን እግረ ረጃጅም ግራጫ ወፎች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። እሳቸው ይጠብቁ የነበረው ግን መንገድ ስቶ ከመንጋው የተደባለቀውን፣ አገራችንን የማያውቀውን ወፍ ነው። በተለይ አንዲቱን፦ አንገቷ ጥቁር፣ ከዓይኗ ኋላ ነጭ ላባ የሚንጠለጠልላት። ሥዕሏን ያሳዩኝ ገና ተማሪያቸው ሳለሁ ነው።

ከመዋሸቴ በፊት በነበረው ዓመት ሌላ እንግዳ ወፍ አብረን አይተን ነበር። "ለማንም አይንገሩ ጋሼ፣ ሩዙ አልታጨደም" ብዬ ለመንኋቸው። እሺ አሉኝ። ግን ደስታው አላስችል አላቸውና እንደሳቸው ወፍ ለሚከታተሉ ወዳጆቻቸው ደወሉ። በማግስቱ ከባሕር ዳር መኪና ተከታትሎ መጣ፤ ካሜራ የያዘ ሁሉ የስንዱን ማሳ ረግጦ ገባ። ስንዱ ጎረቤቴ ናት፤ ባሏ ሞቶባት ልጆቿን የምታሳድገው በዚያች ማሳ ነው። ከጭቃው ውስጥ የረገፈውን ፍሬ ስትለቅም አብሬያት ለቅሜያለሁ። ጋሼ መጥተው ይቅርታ ጠየቋት፤ እሷም ይቅር አለች። እኔ ግን አልረሳሁም።

በሚቀጥለው ኅዳር ያቺ ወፍ መጣች። የቆመችው እዚያው ስንዱ ማሳ ውስጥ፣ ካልታጨደው ሩዝ አጠገብ ነው። ጋሼ ከጎኔ ነበሩ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳየውን መነጽራቸውን ግን ልክ ወደ እሷ አቅንተውታል።

"እዚያ ጋ አንድ ነገር ይንቀሳቀሳል። እስቲ እይልኝ ልጄ" ብለው መነጽሩን ሰጡኝ።

አየሁ። ነጩ ላባ በነፋሱ ሲርገበገብ አየሁ።

"ሳቢሳ ነው ጋሼ" አልኋቸው፤ ከከብት ኋላ የማይጠፋውን ተራ ነጭ ወፍ ጠርቼ።

"ሳቢሳ ብቻ?"

"ሳቢሳ ብቻ።"

አመኑኝ። "እንግዲህ ለከርሞ" ብለው ወደ ባጃጃቸው አዘገሙ። ለከርሞ ዓይናቸው ጨርሶ ጠፋ።

ሌላ መንገድ አልነበረኝም? ነበረኝ። አሳይቻቸው፣ ስልካቸውን ይዤ፣ እንደገና መለመን እችል ነበር። ሰው ቢመጣም ዱላ ይዤ ማሳው አፍ ላይ መቆም እችል ነበር። አላደረግሁትም። ይባስ ብዬ እሳቸው ከሄዱ በኋላ ድንበሩ ላይ ተቀምጬ እስኪመሽ ብቻዬን አየኋት። ደስ ብሎኝ ነበር! የኔ ብቻ በመሆኗ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን ለስንዱ ስል ነው ማለት አልችልም።

በዚያ ሳምንት ስንዱ ሩዟን አጭዳ ከመረች፤ አንድ ዘለላ አልተረገጠባትም። ለዚህ አልጸጸትም፤ አንገቴንም አልደፋም።

ለገበያ ወረታ ስገባ ጋሼን ቤታቸው እጠይቃቸዋለሁ። ድምፄን ሲሰሙ "ዘንድሮስ?" ይሉኛል።

"አልመጣችም ጋሼ።"

"መቼም አንቺ ብታያት ሳትነግሪኝ አትቀሪም" ይላሉ፤ እጄን ይዘው።

እነግራቸዋለሁ ብላችሁ አትጠብቁ። ብነግራቸው የሚቀለኝ እኔ ነኝ፤ እሳቸው ግን ፊታቸው ቆማ እንዳመለጠቻቸው እያሰቡ በጨለማ ይቀመጣሉ። የበደልሁት እኔ ስለሆንሁ ሸክሙም ከእኔ ጋር ይኑር። እናንተ ፍረዱብኝ፤ አልከራከራችሁም።